እሙንና ኢእሙን

በሐዋሳ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ከተደረደሩት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቆች በአንዲቱ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ያዘዝሁት ወረቀት ታትሞ እስኪወጣልኝ ድረስ የበሩን ጠባቂዎች ሥራ ስመለከት፣ ገቢውን ሁሉ አስቁመው ቦርሳውን ሲፈትሹ፣ ኪሱን ሲዳስሱ፣ መታወቂያውን ከፊቱ ጋር ሲያስተያዩ፣ ነገር ግን ከቁልፉ ጋር ያንጠለጠላትን፣ ከአውራ ጣት የምታንሰውን ፍላሽ፣ ምን እንደ ተሸከመች አንድም ሳይጠይቁት ሲያሳልፉት አየሁና፣ በሰው ደጅ ከጥንት ጀምሮ የቆመው ዘበኛ በኮምፒዩተር ደጅ የቆመው መቼ ነው የሚል ጥያቄ በልቡናዬ ተተከለ። ነገሩን ስመረምረው፣ ያ ዘበኛ የቆመው እጅግ ዘግይቶ፣ ያውም ብዙ ከተሰረቀ በኋላ ሆኖ አገኘሁት። ታሪኩ በአብዛኛው በባሕር ማዶ የተፈጸመ ስለ ሆነ ዘመኖቹን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እንግዳ መሣሪያን መጠርጠር በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፣ ተናጋሪው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማበትን ይህን ዕቃ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዲወጣ እንደ ተከራከሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንዳልተቀበሏቸው ሲነገር ይኖራል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው መስመር ሥራም በ1894 ተጀመረ። በእኛ ዘመን በእነዚያ ካህናት መሳቅ እንደ ሥልጣኔ ይቈጠራል። እኔ ግን አልስቅም፤ ምክንያታቸው ቢሳሳትም፣ ከምክንያቱ በታች ያለው ጥያቄ፣ ማለት ይህ ዕቃ ከማን ዘንድ መጣ፣ በእልፍኝ የተነገረውንስ ለማን ያደርሳል የሚለው፣ በዚያችው አዲስ አበባ ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ገና የሚጠየቅ ሆኗልና። ወደዚያ በተራው እንደርሳለን።

በ1981 አይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ በሆዱ ውስጥ 8237 የምትባል አንዲት ጥቁር ቁራጭ ነበረች። ሥራዋ ተቀጥላው መሣሪያ ያመጣውን ነገር፣ ዋናውን አንጎል በየቃሉ ሳታደክም፣ በቀጥታ ወደ ማኅደረ ትውስታ ማድረስ ነበር፤ ይህንንም ልማድ ባለሙያዎቹ ዲ ኤም ኤ ይሉታል። ልማዱ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረበት ለማስተዋል፣ አንባቢ ክብ ሆኖ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያናችንን ያስብ። በውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከልም ታቦቱ የሚያድርበት መቅደስ አለ፤ ወደ እያንዳንዱም የሚገባው ሰው በሥርዓት የተለየ ነው። ስርዓተ ክወና የሚባለውም ረቂቅ ሕንፃ እንዲሁ በክብ ላይ ክብ ሆኖ የታነጸ ነው፤ ከርነል የተባለው አስኳሉ በመቅደሱ ይቀመጣል፣ እኛ የምንጽፍባቸውና የምንሰማባቸው ፕሮግራሞች በቅኔ ማኅሌቱ ይቆማሉ፣ ከእነርሱም አንዱ ሥርዓቱን ጥሶ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ ወዲያው ተይዞ ይጣላል። የዲ ኤም ኤ መንገድ ግን ከጓሮ ወደ መቅደሱ የተከፈተ በር ነበር። በመጀመሪያ በዚያ በር የሚያልፈው አንጎሉ ያዘዘው ብቻ ነበር፤ በ1992 ኢንቴል ኩባንያ ፒ ሲ አይ የተባለውን የመሣሪያ መስመር ካወጣ ወዲህ ግን፣ መሣሪያው ራሱ የመንገዱ ጌታ እየሆነ፣ ያሻውን የማኅደር አድራሻ ጠርቶ አንብቦና ጽፎ የሚመለስበት ሥርዓት ተስፋፋ።

በዚህ ማንም አልደነገጠም፤ ላለመደንገጥም ምክንያት ነበር። መሣሪያው በብረት ሣጥን ውስጥ በብሎን የታሰረ፣ ባለቤቱ በገንዘቡ ገዝቶ በእጁ ያስገባው፣ እንደ ቤተ ሰብ የሚቈጠር ነበርና። ነገሩ የተለወጠው በሩ ከሣጥኑ ውጭ በተከፈተ ጊዜ ነው። በ1995 ደረጃው የጸደቀው ፋየርዋየር የተባለው መስመር፣ የቪዲዮ ካሜራና የውጭ ዲስክ በፍጥነት እንዲያስተላልፉ ተብሎ፣ ያንኑ የጓሮ በር በኮምፒዩተሩ ጎን በኩል ለመንገደኛው ሁሉ አወጣው። ዘጠኝ ዓመት ዝም ተባለ። በ2004 ማክሲሚሊያን ዶርንሳይፍ የተባለ ጀርመናዊ በቶኪዮ በተደረገ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ሙዚቃ የሚሰማበትን አይፖድ በፋየርዋየር ሰክቶ የሌላውን ኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እንዴት እንደሚያነብና እንደሚጽፍበት አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላም አዳም ቦይሎ የተባለ የኒው ዚላንድ ሰው፣ በይለፍ ቃል የተቈለፈውን ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ቃሉን ሳያውቅ፣ ሽቦ በመሰካት ብቻ ከፈተው። ከርነሉ በዚያች ሰዓት ምንም ስሕተት አልሠራም፤ የሠራው ሥርዓቱ እንዳዘዘው ነው፣ የተሰካውን ሁሉ እሙን ብሎ።

በዚሁ ዘመን ወደ ሐዋሳ ብንመለስ፣ በ1976 በሐይቁ ዳር የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ትምህርት ቤት፣ በሺህ ዓመቱ መባቻ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2006ም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ ተማሪው ከኮምፒዩተሩ ቍጥር በብዙ እጥፍ በልጦ እናገኘዋለን። ኢንተርኔት ቀርፋፋና ውድ ስለ ነበር፣ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በፍላሽ ነበር፤ የመምህሩ ማስታወሻ፣ የመመረቂያው ጽሑፍ፣ ዘፈኑም ስብከቱም በአንዲት ፍላሽ ተጭነው ከመኝታ ክፍል ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ጽሕፈት ሱቅ ሲዞሩ ይውሉ ነበር። ከዕውቀቱም ጋር በሽታው ዞረ። ሾርትከት ቫይረስ እየተባለ የተረገመውን ያላየ የዚያ ዘመን ተመራቂ የለም፤ ፍላሹ ሲከፈት የዓመት ድካም የነበረበት ዶሴ ጠፍቶ፣ በምትኩ የዶሴ መልክ ያለው፣ ሲነኩት ግን በሽታውን የሚያነቃ ምልክት ብቻ ይቀር ነበር። ጽሑፉ ግን አልጠፋም፣ ተሸሽጎ እንጂ፤ የሱቁ ልጅ በጥቁር መስኮት ላይ አንዲት አጭር ትእዛዝ ጽፎ የተሸሸገውን ሲገልጥ፣ ያለቀሰ ተማሪ ሲስቅ፣ ልጁም ከብዙ መምህር የበለጠ ሲመረቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ መስሎን ነበር። ነገር ግን በ2008 በመካከለኛው ምሥራቅ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተሰካች ፍላሽ፣ የዚያን ታላቅ ሠራዊት የምሥጢር መረብ ሳይቀር በበሽታ በክላ፣ ፔንታጎን በዚያው ዓመት በኅዳር ፍላሽ ማስገባትን እስከ መከልከል ደረሰ፤ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊልያም ሊን ነገሩን በ2010 በአደባባይ ጻፉት። ማይክሮሶፍትም ፍላሽ በተሰካ ቅጽበት በውስጧ ያለውን ፕሮግራም ሳይጠይቅ የማስነሣቱን ልማድ በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ የዘጋው በየካቲት 2011 ነው። የሐዋሳ የሱቅ ልጆች ከዚያ በፊት በእጃቸው ሲዘጉት ኖረዋል።

የጓሮውን በር የሚጠብቀው ሹም ግን ሳይታሰብ ተሹሞ ነበር። በ2006 ኢንቴልና ተወዳዳሪው ኤ ኤም ዲ አንድ ኮምፒዩተርን ለብዙ ተከራዮች ለማካፈል እንዲመች ብለው፣ አይ ኦ ኤም ኤም ዩ የተባለውን ክፍል ንድፍ አወጡ። በቀድሞው ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ የሚባለው ባለሥልጣን፣ ጉዳይ ያለውን ሰው ጠይቆ ወደ ተፈቀደለት ክፍል ብቻ እንደሚያስገባው ሁሉ፣ ይህም ክፍል በመሣሪያውና በማኅደረ ትውስታው መካከል ቆሞ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተጻፈለትን ሰንጠረዥ እየተመለከተ፣ ያልተፈቀደለትን አድራሻ ሲጠራ ይመልሰዋል። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የኢንቴሉን አስከልካይ መጠቀም የቻለው በ2008 መግቢያ ነው። ቢሆንም ሹሙ በብዙ ቤት ደመወዝ ሳይቈረጥለት ተቀመጠ፤ እርሱ ሲሠራ ሥራው ይዘገያል ተብሎ በአያሌ ኮምፒዩተሮች ተዘግቶ ይኖር ነበርና። በ2007 ደግሞ የኢንቴሉ ኢናኪ ፔሬዝ ጎንዛሌዝ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሌላ ትንሽ መዝገብ ጨመረ፤ በዩ ኤስ ቢ ለሚሰካ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንዲት ፋይል ተከፍታለት፣ 1 ቢጻፍባት ተፈቅዶለት፣ 0 ቢጻፍባት ተሰክቶ ሳለ እንዳልተሰካ ሆኖ ይቀራል። በገመድ ለሚሰካው ሁሉ፣ ማንም ሳያዝዝ የሚጻፈው 1 ነው፤ ይህንንም የምትወስን ሌላ ፋይል አለች። ይህችን ፋይል አንባቢ ያስታውስልኝ።

በ2011 ተንደርቦልት የተባለው መሰኪያ በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ወጣ፤ ፋየርዋየር በጎን በኩል የከፈተውን በር እርሱ እንደ ደጀ ሰላም አስፍቶ ከፈተው፣ ምክንያቱም ያ በሣጥን ውስጥ በብሎን የታሰረው የፒ ሲ አይ መስመር ራሱ በሽቦ ተስቦ ወደ ውጭ ወጥቷልና። በ2014 ደግሞ ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ጀርመናውያን በላስ ቬጋስ፣ ፍላሽ በውስጧ ያለው ትንሽ አእምሮ ቢለወጥ ራሷን የቁልፍ ሰሌዳ ነኝ ብላ አስመስላ ባለቤቱ ያልጻፈውን ትእዛዝ እንደምትጽፍ አሳዩ። ከዚህ በኋላ የመሣሪያን መልክ አይቶ ማመን ከንቱ ሆነ፤ ማንነቱን የሚመሰክረው ራሱ ነውና።

በሀገራችን መሣሪያን እሙንና ኢእሙን ብሎ የመለየቱ ሥራ በዚሁ ጊዜ በሕግና በመንግሥት እጅ ይሠራ ነበር። በ2012 የወጣው ቍጥር 761 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ዐዋጅ፣ የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ መገጣጠምን፣ ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ በ2017ም ኢትዮ ቴሌኮም የእያንዳንዱን ሞባይል መለያ ቍጥር በመዝገብ ማስፈር ጀምሮ፣ በመዝገቡ ያልገባው አዲስ ቀፎ ከመረቡ የሚከለከልበትን ሥርዓት ዘረጋ። ዘዴው ከከርነሉ ዘዴ ጋር በመልክ ቢመሳሰልም በልብ ይለያል፤ የመንግሥቱ መዝገብ የሚጠይቀው ቀረጥ ተከፍሎበታል ወይ፣ ማን አስገባው የሚለውን ነበር፣ የከርነሉ ግን ከገባ በኋላ ምን ይነካል የሚለውን ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ባለሥልጣንም ባለሙያም ጥቂት አይደለም።

ከዚያም 2018 መጣ። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዓለም በቃኝ የተባለው ወህኒ ቤት ፈርሶ በነበረበት ስፍራ፣ በቻይና መንግሥት ስጦታ በ200 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በጥር 2012 የተመረቀው፣ 99.9 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ነው። ግድግዳውም፣ ወንበሩም፣ የመረጃ መረቡም በአንድነት ከሰጪው እጅ የመጡ ነበሩ። በጥር 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ምንጮቹን ጠቅሶ እንደ ጻፈው፣ ከ2012 ጀምሮ በየሌሊቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሁለት ሰዓታት፣ ሠራተኛው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ የመረቡ ትራፊክ ከቀኑ ይበልጥ ይጨምር ነበር፤ የሕንፃው ምሥጢርም ወደ ሻንጋይ ይቀዳ ነበር፤ ነገሩ የታወቀው በጥር 2017 ሲሆን፣ ኅብረቱ የራሱን ሰርቨሮች ገዛ፣ ከአልጄሪያ የመጡ አራት ባለሙያዎችም ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ክፍሎቹን ሲፈትሹ ከጠረጴዛ ሥርና ከግድግዳ ውስጥ ማይክሮፎኖች አገኙ። ቻይና ወሬውን ከንቱ ነው ብላ ካደችው፤ የዚያን ጊዜው የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪም አስተባበሉት። በዚህ ክርክር ውስጥ ፈራጅ ለመሆን አልነሣም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ የተጠረጠረው መሣሪያ በዚህ ጊዜ በበር የገባ እንግዳ አልነበረም፣ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነበር እንጂ።

በዚያው ዓመት ከርነሉ ያስተዋለው ግን በሩን ነው። በጸደይ ወራት ማይክሮሶፍት በአዲሱ ዊንዶውስ 10 እትም ላይ በተንደርቦልት የሚመጣውን ዲ ኤም ኤ የሚከላከል ሥርዓት አወጣ። በኅዳር የኢንቴሉ መሐንዲስ ሚካ ዌስተርበርግ ለሊኑክስ ያቀረበው ሥራም፣ በመጋቢት 2019 በወጣው በከርነሉ 5.0 እትም ገባ። ሥራው በመጠን ትንሽ ነው፤ በእያንዳንዱ የፒ ሲ አይ መሣሪያ መዝገብ ላይ አንዲት ቢት ተጨመረች፣ ስሟም አንትረስትድ ተባለ፤ በእኛ ልሳን ኢእሙን ብንላት የሊቃውንቱ ግዕዝ አይነቅፈንም። ቢቷ የምትበራው እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከርነሉ ፋብሪካው የጻፈውን ሰነድ ያነብባል፤ በዚያም ሰነድ ይህ መሰኪያ ወደ ውጭ ያያል ተብሎ ከተጻፈ፣ በዚያ በኩል የገባው ሁሉ፣ ከእርሱም በታች የተንጠለጠለው ሁሉ፣ እስከ ታች ድረስ ኢእሙን ይሆናል። ባለቤቱ ለፍጥነት ብሎ እልፍኝ አስከልካዩን ሁሉን ሳትጠይቅ አሳልፍ ብሎት ቢሆን እንኳ፣ ለዚህ እንግዳ ሲባል ተመልሶ ይጠይቃል። አንዳንድ መሣሪያ አድራሻዬን አስቀድሜ አስተርጕሜ መጥቻለሁና አትጠይቁኝ የማለት መብት አለው፤ ኢእሙኑ ከዚህም መብት ይከለከላል፤ በሌላ በር ተፈትሻለሁ ለሚል ሰው የእኛ የዩኒቨርሲቲ በር ጠባቂ እንደሚመልስለት መልስ ማለት ነው።

ጥርጣሬው ተገቢ መሆኑ ወዲያው ተመሰከረ። ያ እትም ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በየካቲት 2019፣ የካምብሪጁ ቴዎዶር ማርኬቶስና ባልንጀሮቹ ተንደርክላፕ ያሉትን ጥናት በሳን ዲያጎ አቀረቡ። እነርሱ የሠሩት ሐሰተኛ የመረብ ካርድ በባሕርዩ ሁሉ እውነተኛውን ይመስል ነበር፤ እልፍኝ አስከልካይ ቆሞ ሳለም፣ ከተፈቀደለት ክፍል ውስጥ የጎረቤቱን ዕቃ ያገኝ ነበር። ምክንያቱ አስከልካዩ በር የሚከፍተው በ4,096 ባይት ልክ ስለ ሆነ ነው፤ ለመሣሪያው የሚገባው 200 ባይት ቢሆን፣ በዚያው ገጽ ላይ የሰፈረውን የሌላውን ነገር ሁሉ ያያል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት በኅዳር 2019 በ5.4 እትም ገባ፤ ኢእሙን ለተባለው መሣሪያ ብቻ የተለየ ባዶ ገጽ ይዘጋጅለታል፣ የሚገባውም ከማዕዱ ተቀድቶ በዚያ ይቀርብለታል፣ ወደ ማዕዱ ግን እጁን አይሰድድም። እንግዳን በተለየ ሳህን ማብላት በባህላችን ነውር ቢሆንም፣ ከርነሉ ነውሩን ወደደው።

በ2020 ግንቦት ደግሞ የአይንድሆቨኑ ተመራማሪ ቢዮርን ራውተንበርግ፣ የኮምፒዩተሩን ጀርባ በመፍቻ ከፍቶ፣ የተንደርቦልቱን መቈጣጠሪያ ጽሑፍ ለውጦ፣ በአምስት ደቂቃ ያህል ጥበቃውን አፈረሰ፤ አዲሱ የከርነል ጥበቃ የሌላቸው አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች በዚህ ተጋልጠው ቀሩ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሮይተርስ እንደ ጻፈው፣ የጃፓን ባለሙያዎች የአፍሪካ ኅብረትን፣ የጥበቃ ካሜራዎችህ ምስል እየተሰረቀ ነው ብለው አስጠንቅቀውት ነበር። እንግዲህ ሌባን እንዲያይ የተሰቀለው ዓይን ለሌባው ያይ ነበር። ከርነሉ ግን በሣጥኑ ውስጥ የተሠራውን ካርድ፣ ፋብሪካው ወደ ውጭ ያያል ብሎ እስካልጻፈበት ድረስ፣ ዛሬም እሙን ይለዋል፤ የመለየቱ ሥልጣን በመጨረሻ ሰነዱን በጻፈው በፋብሪካው እጅ ነውና። ከ2021 ወዲህ በኪራይ ኮምፒዩተር ላይ ምሥጢራቸውን የሚያሳድሩ ሰዎች፣ አከራዩ ራሱ የሚያቀርባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ኢእሙን እንዲባሉ ሲጠይቁ፣ በከርነሉ ሊቃውንት መካከል ረጅም ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዱ ይህ የከርነሉ ሥራ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ከርነሉ የተሰጠውን ያምናል እንጂ ማንን እንደሚያምን አይመርጥም፣ ምርጫው የባለቤቱ ነው ይል ነበር።

ወረቀቴ ታትሞ ባበቃ ጊዜ ይህን ሁሉ ለሱቁ ልጅ አወጋሁት። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነው፤ በቫይረሱ ተማርሮ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ጭኖበታል። «እስቲ እንየው ጋሼ» ብሎ የመሣሪያዎቹን መዝገብ አንድ በአንድ ከፈተ። ተንደርቦልት የሌለው ያገለገለ ኮምፒዩተር ስለ ነበር፣ ወደ ውጭ ያያል የተባለ መሰኪያ አልተገኘበትም፤ ኢእሙን የተባለም አንድ እንኳ የለም። ፍላሽስ ወደ ማኅደረ ትውስታ የምትደርሰው በውስጠኛው መቈጣጠሪያ አማካይነት ነውና ያቺ ቢት አትመለከታትም። ያን ጊዜ የ2007ቱ ፋይል ትዝ አለኝና ነገርሁት፤ ፈልጎ አገኛት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚሰካው ሁሉ ሳይፈቀድለት እንዳይገባ ብሎ በ1 ፈንታ 0 ጻፈባት፣ የእኔንም ፍላሽ ሰካ። መብራቷ እንኳ አልበራም። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተያየን።

ከኋላችን ወረፋ የያዙት አምስት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘችበትን ፍላሽ ሰጠችው፤ እርሱም ሰካው፤ ምንም አልታየም። «ወንድሜ፣ ተቃጠለ እንዴ?» አለች፣ ድምፅዋ እየተለወጠ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፣ 0ዋን አጥፍቶም 1 ጻፈ።